ሸራው፣ ስንዴው፣ መሸኛው፦ የተፈናቃይ ቤተሰብ ጥቅል በጣና ዳር ክረምት ሲመዘን

ለተፈናቃይ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅል ሲፈታ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ይኸው ነው፦ ሁለት ሸራ፣ ገመድ፣ ብርድ ልብስ፣ የመኝታ ምንጣፍ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም አጎበር። ቤተሰቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ ወይም ሌላ ቦታ ሲሰፍር ደግሞ የጥቂት ወራት ስንዴ፣ ቆርቆሮ፣ ዘርና የመጓጓዣ ገንዘብ ይጨመርበታል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ መልሶ ማቋቋም ክርክር ሲነሳ «ይህን ያህል አባወራ ተቋቋመ» ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር ሥሩ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ ጥቅሉ የደረሰው ሰው ቁጥር ነው። እንግዲያው ጥቅሉን እንደ ማንኛውም የሚገዛ ዕቃ አንስቶ፣ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ይህ የሚጠቅመው ገንዘብ አዋጥቶ ለሚገዛው ዕድርና ማኅበር፣ ለሚያድለው የቀበሌ ኮሚቴ፣ በጀቱን ለሚያጸድቀው እንደራሴም ነው።

ሚዛኑ የባሕር ዳር ክረምት ነው። ከተማዋ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። በጥር ቀጥ ብሎ የቆመ መጠለያ ሐምሌ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሸራው

ጥቅሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በሸራው ነው። ለእርዳታ ተብሎ የሚመረተው ደረጃውን የጠበቀ ሸራ 4 ሜትር በ5 ወይም 4 በ6 ነው። ከጠንካራ የፕላስቲክ ክር ተሸምኖ በሁለቱም ፊት በስስ ፕላስቲክ ይለበጣል፤ መሀሉ ጥቁር ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ የገመድ ቀለበቶቹም ወፍራም መቀነት ላይ ተደርድረዋል። 4 በ6 የሆነው ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ ገበያ ላይ በስፋት እኩል ሆኖ በክብደት ግማሽ እንኳ የማይሞላ ሸራ ሞልቷልና። ለመቶ አባወራ የሚገዛ ኮሚቴ ከክምሩ መሀል አንዱን መዝዞ ሚዛን ላይ ያውጣ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ከጀርባው እጁን ያስቀምጥ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ከታዩ ሸራው ስስ ነው፣ በጣና ዳር ፀሐይ ዓመት አይዘልቅም። ደህናው ሸራ ያለማቋረጥ ፀሐይና ዝናብ እየመታው ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለተኛ ክረምት ሲያልፍበት ግን ክሩ እየነተበ፣ ልባጡም እየተላጠ ይሄዳል። ተፈናቃይ በአንድ ቦታ ሦስትና አራት ክረምት የሚያሳልፍ ከሆነ ሸራው በበጀት ውስጥ በየዓመቱ መታሰብ አለበት ማለት ነው። አንዴ ተሰጥቶ የሚዘጋ ሒሳብ አይደለም።

በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው ጥቁር ላስቲክ ለወለል ይሁን፤ ለጣሪያ አይገዛ። ያልተሸመነ ስለሆነ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ በአንድ ሌሊት ነፋስ እስከ ዳር ትተረትረዋለች። ቀን ቀን ደግሞ ሙቀቱ ሕፃን የሚያስተኛ አይደለም።

አሁን ስፋቱን እንመልከት። ለሰብዓዊ እርዳታ ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ወለል ይላል። ለአምስት ሰው 17.5 ካሬ ነው። አንዱን ባለ 4 በ6 ሸራ 4 ሜትር ርዝመት ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሜትር አድርጎ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብንወጥረው ወርዱ 4.2 ሜትር፣ አናቱ 2.1 ሜትር፣ ወለሉ ወደ 17 ካሬ ይሆናል። በወረቀት ላይ መለኪያውን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ነገር ግን ከየጎኑ አንድ አንድ ሜትሩ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በታች ነው፤ ሰው ቀና ብሎ የማይቀመጥበት፣ ጆንያና ጀሪካን የሚገባበት ጥጋጥግ ነው። ለሰው የሚተርፈው 2.2 ሜትር በ4፣ ማለትም 9 ካሬ ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ አይሞላም። ሁለቱ የፊትና የኋላ መዝጊያዎች እያንዳንዳቸው 4.5 ካሬ ስለሚፈልጉ ሁለተኛው ሸራ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል። «ለአንድ አባወራ አንድ ሸራ» የሚለው ዕደላ ስለዚህ ቤት አይሰጥም፤ ክዳን ብቻ ነው የሚሰጠው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ባዶ ማዳበሪያ በአፈር ሞልቶ በሁለቱ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት መደርደር፤ ለአራት ሜትር ርዝመት በየጎኑ አራት ረድፍ ቢሆን ለሁለቱም ወደ 50 ማዳበሪያ ይበቃል። ሸራው ከዚያ በላይ ሲያርፍ ሰው ቀና ብሎ የሚቀመጥበት ወለል ወደ 13 ካሬ ያድጋል፣ ነፋስና ብርድም ከሥር አይገባም። ማዳበሪያው ፀሐይ ሲመታው በጥቂት ወራት ስለሚበጣጠስ ፊቱን በጭቃ መለሰን ነው። ሸራውም ከግንቡ ውጭ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር አልፎ መንጠባጠብ አለበት፤ አለበለዚያ ግንቡ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ይናዳል።

የሚበላሸው የት እንደሆነ በደንብ ይታወቃል። አንደኛ ዘንበሉ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች የተወጠረ ሸራ ውሃ ያቁራል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላይ የቆመ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 10 ኪሎ ነው፤ አስር ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መቶ ኪሎ፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱ ይሰበራል ወይም ሸራው ይተረተራል። ሁለተኛ ቀለበቶቹ ናቸው። ነፋስ ሲበረታ ቀድሞ የሚነቀለው ቀለበቱ ነው። ሲነቀል ሸራውን አዲስ መብሳት ስሕተት ነው። ከጠርዙ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ክብ ጠጠር ከሥር አስገብቶ ሸራውን በጠጠሩ ላይ ጠቅልሎ አንገቱን በገመድ ማሰር ከቀለበቱ ይልቅ ይጸናል። ሚስማር የግድ ከሆነ ከነቆርኪው ወይም ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጋር ይመታ፤ ጭንቅላቱ ብቻውን ሸራውን ይበሳል እንጂ አይዝም። ሦስተኛ የምሰሶው ጫፍ ነው። በመጥረቢያ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጫፉ ስለት ነው፤ በጨርቅ ወይም በጆንያ ካልተጠቀለለ ሸራውን በአንድ ሳምንት ውስጥ አናቱ ላይ ይበሳዋል።

ስለ ገመዱም አንድ ነገር። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ካስማውን ከመሬት ይነቅላል፤ ናይለኑ በተቃራኒው ይለጠጣል፣ ማታ ማታ መወጠር ይፈልጋል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ናይለኑ ስለሆነ ይህን ለተቀባዩ መንገር የአዳዩ ኮሚቴ ሥራ ነው። ሲያድል ይንገር፤ ሸራው ከተቀደደ በኋላ ምክር አይረዳም።

መሬቱና ውሃው

በጣና ዙሪያ ያለው ዋልካ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ጥር ላይ በመዶሻ የገባ ካስማ ሐምሌ ላይ በእጅ ይወጣል። እዚህ የሚያዋጣው ካስማ አይደለም፤ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ገመድ የታሰረበትን ግንድ ወይም ድንጋይ አጋድሞ መቅበርና አፈሩን ደጋግሞ መርገጥ ነው። ለመቆፈር ግን አካፋና ዶማ ያስፈልጋል። ሙሉ የመጠለያ ጥቅል አካፋ፣ ዶማ፣ መጋዝና መዶሻ አብሮት ይመጣል፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሱት ግን እነዚህ ናቸው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ለአምስት አባወራ አንድ ሙሉ የመሣሪያ ስብስብ ቢሰጥ እንኳ ብዙ ቤት ያድናል።

አንድ ቀን 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 17 ካሬ በሚሸፍን ጣሪያ ላይ የሚወርደው ውሃ 680 ሊትር ነው፤ 34 ጀሪካን። ይህ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። ስለዚህ በዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ መቆፈር፣ ወለሉንም ከውጭው መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ከሸራው እኩል አስፈላጊ ነው። ቦዩ ወዴት እንደሚወጣ ሳይታሰብ ከተቆፈረ ግን የአንዱ ቤት ጎርፍ የጎረቤቱ ወለል ላይ ያድራል፤ በተጠጋጉ መጠለያዎች ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መጠለያ ሲተከል የረድፉ ዋና ቦይ በቅድሚያ፣ ቤቶቹ ከዚያ በኋላ። በቤትና በቤት መካከል ቢያንስ ሁለት ሜትር ይተው፤ ይህ ለቦዩም ለእሳትም ነው፤ ሸራ ሲቃጠል እየቀለጠ ይንጠባጠባልና ጉልቻ ወደ መጠለያው ውስጥ አይግባ።

ለመጠለያ የሚሰጠው ባዶ መሬት ማንም ያልፈለገው ረባዳ ሜዳ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ይህ ከባድ አደጋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ከግጭት የሸሸን ሰው ጎርፍ ወደሚተኛበት ሜዳ መውሰድ ሁለተኛ ማፈናቀል ነው። ሽንት ቤቱም በዚሁ ይለካል፦ ለሃያ ሰው አንድ፣ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር የራቀ። በረግረጉ አቅራቢያ ይህን በቁፋሮ ማሟላት ስለማይቻል ሽንት ቤቱ በአፈር ጉብታ ላይ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ኮሌራ ከገባ በኋላ ከሚወጣው ያንሳል።

ጀሪካኑ በቁጥር ነው የሚያንሰው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብንል ለአምስት ሰው 75 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ጀሪካን አራት ምልልስ። ቦኖው መለኪያው በሚፈቅደው በመጨረሻው ርቀት፣ 500 ሜትር ላይ ቢሆን በቀን አራት ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ግማሹን 20 ኪሎ ተሸክሞ። ይህን የምትሄደው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት መሆን የነበረባት ልጅ ናት። የሚታጠፈው ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ለማጓጓዝ ይመቻል፣ ግን እጥፋቱ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ቢጫው የዘይት ጀሪካን በደንብ ታጥቦ ሁለት ቢሰጥ ይሻላል።

ብርድ ልብሱ ደህና ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ለአምስት ሰው ሁለት አይበቃም። በምንጣፉ ሥር ግን የአካባቢውን ነገር መጠቀም ያዋጣል፤ የደንገል ምንጣፍ ከሐይቁ ዳር ሰዎች ሲገዛ ከወለሉ እርጥበት ይለያል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። አጎበሩ ከመስከረም በፊት ይድረስ፤ ወባ የሚጠነክረው ዝናቡ ሲያባራ ነው።

የማብሰያ ዕቃው ለዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የተዘጋጀ ነው፦ ድስት፣ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ቢላ። ምጣድ የለውም። በየወሩ እህል የሚሰጣት እናት እንጀራ የምትጋግርበት ከሌላት ከምትቀበለው ስንዴ ከፊሉን ሸጣ ምጣድ ትገዛለች፣ ወይም በየተራ ትበደራለች። ምጣድ ከባሕር ዳር ገበያ በቀላሉ የሚገኝ ነገር ነው፤ ጥቅሉን እዚህ የሚያሟላ ማኅበር ከሳህኖቹ ቀንሶም ቢሆን እርሱን ያስቀድም።

ስንዴው

የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለአምስት ሰው 75 ኪሎ፣ 7.5 ኪሎና ከሁለት ኪሎ ትንሽ የሚያልፍ ዘይት። በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ለአንድ ሰው ማለት ነው፤ ከጥራጥሬውና ከዘይቱ ጋር አንድ ሰው ከሚያስፈልገው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ጋር ይቀራረባል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሙሉው ከደረሰ፣ በወሩ ከደረሰና ለወፍጮ የሚከፈለው ከራሱ ከስንዴው ካልወጣ ነው። ሦስቱም አብረው የሚሟሉበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጣሳ መስፈር ሌላው ችግር ነው፤ ጣሳው ሲንቀጠቀጥና ሳይንቀጠቀጥ የሚይዘው አንድ አይደለም። ለዕደላ የሚሆን ሚዛን የሌለው ማዕከል ዕደላ ባይጀምር ይሻላል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ትልልቆቹ የምግብ እርዳታ ሰጪዎች እህል ከታለመለት ሰው ውጭ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታውን ለወራት ሲያቋርጡ የተራበው ምንም ያልወሰደው ሰው ነበር። ስም የተጻፈበት፣ ኪሎው የተሞላበት፣ ተቀባዩ የፈረመበት መዝገብ ቢሮክራሲ ይመስላል፤ ለተፈናቃይ ግን ጋሻ ነው።

ለተመላሽ የሚሰጠው ራሽን ላይ የበለጠ ከባድ ስሕተት አለ፤ የግብርና ቀን መቁጠሪያን አይከተልም። የሦስት ወር ስንዴ ይዞ በግንቦት መጨረሻ ወደ ቀዬው የተመለሰ ገበሬን እንውሰድ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ ስንዴው አለቀ። ነሐሴ ጎተራ ያለው እንኳ የሚጨነቅበት ወር ነው። በሰኔ የዘራው በቆሎ የሚደርሰው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ በሐምሌ የተዘራ ጤፍ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ። ስለዚህ በግንቦት ለሚመለስ ሰው ከስድስት እስከ ሰባት ወር ራሽን ያስፈልገዋል። ከሐምሌ በኋላ ለተመለሰ ደግሞ የዚያ ዓመት እርሻ አልፎታል፤ እስከሚቀጥለው ኅዳር ድረስ አሥራ አምስት ወር ገደማ ነው። የተሻለው የመመለሻ ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው፦ ጭቃ ይደርቃል፣ ቤት ይጠገናል፣ ለጤፍ መሬቱ ሦስትና አራት ጊዜ ለመታረስ ጊዜ ያገኛል።

ዘሩም እንዲሁ ነው። ምርጥ የበቆሎ ዘር በ12.5 ኪሎ ከረጢት ይቀርባል፣ ግማሽ ሄክታር ይሸፍናል፤ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ከደረሰ ግን ብዙ ጊዜ ይበላል እንጂ አይዘራም። በሬ የሌለው ዘር ብቻውን አይጠቅመውም። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ምንም የሌለው መሬቱን የእኩል ይሰጣል፣ የመከሩንም ግማሽ ያጣል። ለሁሉም ጥማድ መስጠት ካልተቻለ ለእያንዳንዱ አንድ በሬ መስጠት ትርጉም አለው፤ የበሬ ሩብ የማይገዛ ጥሬ ገንዘብ ማደል ግን እርሻ አያስጀምርም።

ቆርቆሮው

ለአራት በአምስት ሜትር ቤት ከነክፈፉ ወደ 33 ካሬ ጣሪያ ይወጣል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የተለመደው ቆርቆሮ መደራረቢያው ተቀንሶ ከ1.4 ካሬ ብዙም አይሸፍንም፤ ስለዚህ 24 ቆርቆሮና የአናት ክዳን ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተሰጠው ሰው ቤቱን ያጠብባል ወይም ግማሹን በላስቲክ ይሸፍናል። ጌጁ፣ ማለትም የውፍረት መለኪያ ቁጥሩ፣ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፦ ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ በብዙ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ አንዴ የተነቀለም በድጋሚ ለመምታት አይመችም። በጨረታ ሰነድ ላይ «ቆርቆሮ 24» ብቻ ተጽፎ ጌጁ ካልተጻፈ አቅራቢው ስስውን ያመጣል። ሚስማሩ ከጎማው ጋር በሞገዱ አናት ላይ ይመታል፤ በሸለቆው ላይ የተመታ ሁሉ ያፈሳል። ጎን ለጎን አንድ ሞገድ ተኩል መደረብ አለበት።

ግድግዳውን ቤተሰቡ ራሱ ይሠራል ተብሎ ይታሰባል፤ ልክ ነው፣ ግን ጊዜውን ይፈልጋል። ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መሰንበት አለበት፤ በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ አይደርቅም። የቋሚዎቹ መሬት የሚገባው ክፍል በተቃጠለ የሞተር ዘይት ካልተቀባ ወይም በእሳት ካልተለበለበ ምስጥ በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል። «ቤት ተሠራ» የሚባለው ሪፖርት ሲቀርብ ጣሪያው የቆመበት ወርና ግድግዳው የተመረገበት ወር አብሮ ቢጻፍ ስንቱ ቤት ሁለተኛ ክረምት እንደሚያይ ከወዲሁ ይታወቅ ነበር።

መሸኛው

በጥቅሉ ውስጥ የሌለው ትልቁ ዕቃ ወረቀት ነው። ባሕር ዳር ገብቶ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ አምጣ ይባላል። ቀበሌው ግን የሸሸበት ቦታ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ተቃጥሎ ወይም ተዘግቶ ይሆናል። መታወቂያ ከሌለ ቤት መከራየት፣ ሒሳብ መክፈት፣ ሥራ መያዝ ሁሉም ይከብዳል። ዲጂታል መታወቂያው ማንነትን ያረጋግጣል እንጂ ነዋሪነትን አይሰጥም። የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት አንቀጽ 13 መንግሥት ተፈናቃይን እንዲመዘግብና የጠፋ ሰነድን እንዲተካ ያስገድዳል፤ ሴቶችም በራሳቸው ስም ሰነድ የማግኘት እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስምምነቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቆታል፤ የኢትዮጵያ ሕግ አካል ነው። የቀበሌ ሠራተኛው መሸኛ ሲጠይቅ ይህን አያውቅ ይሆናል፤ ማሳወቅ ያለበት ግን ተፈናቃዩ አይደለም።

ለገበሬው ደግሞ የይዞታ ደብተሩ አለ። ባል ሞቶ ደብተሩ ከጠፋ ሚስት መሬቱ የእሷ እንደነበር የሚመሰክሩላት ጎረቤቶች አብረዋት የተፈናቀሉት ናቸው፤ ሲበታተኑ ምስክርነቱም ይበታተናል። ይህ ቃል መያዝ ያለበት በመጠለያው ውስጥ ሳሉ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ሳሉ ነው። ወጪው ወረቀትና የአንድ ባለሙያ ጊዜ ብቻ ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 11 በተፈናቃዮች ንብረት ላይ የሚነሳ ክርክር በቀላል ሥርዓት እንዲፈታ የሚለው ያለዚህ ሊፈጸም አይችልም።

ምክር ቤቱ

ያው አንቀጽ 11 ለተፈናቃዩ ሦስት በር ይከፍታል፦ ወደ ቀዬ መመለስ፣ ባለበት መቀላቀል፣ ሌላ ቦታ መስፈር፤ ምርጫውም በነጻነትና መረጃ ይዞ መሆን አለበት። በክርክሩ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ መፍትሔ ሆኖ ይነሳል። እንደ ዕቃ ካየነው ግን ሦስቱ ሦስት ዓይነት ጥቅል ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር ላይ ልቀላቀል ለሚል ቤተሰብ ሸራና የበቆሎ ዘር አይረዳውም። የከተማ መሬት በሊዝ የሚያዝ ስለሆነ ቤት መሥሪያ በቀላሉ አያገኝም፤ የሚያስፈልገው የጥቂት ወራት የቤት ኪራይ፣ የጉልት ቦታና የሥራ መነሻ ነው። ሌላ ቦታ ለሚሰፍረው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚቀበለው ሕዝብ ፈቃድና የጋራ ወፍጮ፣ ጤና ኬላና የውሃ ነጥብ ነው።

ይህች አገር የማስፈር ታሪኳ ረጅም ነው። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ወደ 600,000 ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራቡ ክፍል ተወስዷል፤ በመተከል ያለው ፓዌ ከሰፈራ ቦታዎቹ አንዱ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ደግሞ በሦስት ዓመት 440,000 አባወራ፣ 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር አቅዶ ነበር። ከዓመታት በኋላ በ2013 ዓ.ም. ከዚያው ከመተከል የሸሹ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሸራ ሥር ነበሩ። የሰፈረ ሰው ቁጥር እዚያው የሚቆይ ሰው ቁጥር አለመሆኑን ምክር ቤቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሥልጣኑ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመር ይችላል። የሚያስፈልገው ጥያቄው እንዲለወጥ ነው። «ስንት አባወራ ተመለሰ?» ለሚለው በሚቀጥለው ቀን መልስ ይገኛል። ከተመለሱት ስንቱ ያለፈውን ነሐሴ በራሱ ጣሪያ ሥር አሳለፈ? ራሽኑ በየትኛው ወር አለቀ፣ መከሩስ በየትኛው ወር ገባ? ስንቷ እማወራ ደብተር በስሟ አላት? ተፈናቃዮቹ ከመሄዳቸው በፊት ቦታውን አይተው እንዲመጡ የላኳቸው ሰዎች ነበሩ ወይ፣ ከእነሱስ መካከል ሴቶች ነበሩ? ቆርቆሮው ባለ ስንት ጌጅ ነው? ለእነዚህ መልስ የሚኖረው ሥራውን የተከታተለ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ይነሳል። የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ሸራ የሚያፈስባቸው፣ ቦይ የሚሞላባቸው፣ ስንዴ የሚያልቅባቸው ሐምሌና ነሐሴ ከዚያ ውጭ ይቀራሉ። የቋሚ ኮሚቴዎች የመስክ ምልከታ መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ሲሆን የሚታየው የበጋው መጠለያ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን እንደራሴው በምርጫ ክልሉ መገኘት ይችላል። የሦስት ሜትር መለኪያ፣ ትንሽ የእጅ ሚዛንና ቦት ጫማ ይዞ ከዝናብ በኋላ ከሰዓት ይሂድ። የአንዱን ቤት ወለል ይለካ፣ በሰው ያካፍል። የአንድ ቤተሰብ የወሩን ስንዴ ይመዝን። ቦዩ ወዴት እንደሚፈስ እስከ መጨረሻው ይከተል። ከዚያ ከፈቀዱለት ወደ ውስጥ ገብቶ ምሰሶው ሸራውን የሚነካበትን አናት ቀና ብሎ ይይ፤ መጀመሪያ የሚያፈሰው እዚያ ነው፣ ልጆቹን ከዚያ ሥር አርቀው እንዳስተኟቸውም ወዲያው ያያል።